ለሩጫ የመጡ ሦስት ሰዎች

በዚያ ዘመን ካዛንቺስ ውስጥ ጎህ ሳይቀድ የሚሮጥ ሰው ሌባ ነበር። ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም። ሀገሩ የሯጮች ሀገር ነው ይባላል፤ ሬዲዮኑም ጠዋት ማታ ስለ ሯጮቻችን ያወራል። የሰፈራችን ዘበኛ ግን ሯጭ ማለት በቴሌቪዥን የሚታይ እንጂ በአጥር ስር የሚያልፍ አይደለም ብሎ የደመደመ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ በዱላ አባሮኛል። አንዴ እስከ ኡራኤል ድረስ ተከተለኝና፣ ልክ ልኩን ልነግረው ቆሜ ስጠብቀው፣ ትንፋሽ አጥሮት አጥር ተደግፎ፣ "ምን ሰርቀህ ነው?" አለኝ። "ምንም" አልኩት። "ታዲያ ለምን ትሮጣለህ?" ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። መዝገብ ቤት ተቀምጬ ፋይል ስከፍትና ስዘጋ ሆዴ ቀበቶዬን አልፎ ወጥቷል። በዚህ ምክንያት ነው ብዬ ሆዴን ገልጬ አላሳየው ነገር፣ ወደ መጣሁበት ተመለስኩ።

መላውን ያመጡት ጋሼ ናቸው። ጋሼ የምላቸው የመሥሪያ ቤታችን የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ ጡረታቸው የደረሰ፣ ጸጉራቸው የነጣ፣ ሲሮጡ ከሚራመድ ሰው እምብዛም የማይፈጥኑ፣ ግን ጀምረው የማያቋርጡ ሰው። "ነጠላ ልበሱ" አሉን። ነጠላ የለበሰ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነው፤ ዘበኛም ሆነ ፖሊስ አይነካውም። እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከውስጥ ቁምጣና ካናቴራችንን ለብሰን፣ ከላይ ነጠላችንን ተከናንበን፣ አንገታችንን ደፍተን ዝግ ብለን መስቀል አደባባይ እንደርሳለን። እዚያ ነጠላችንን አጣጥፈን ደረጃው ላይ እናኖርና መሮጥ እንጀምራለን። ዘበኛው ሳልፍ "ጸልይልኝ" ማለት ጀመረ። እሺ እለዋለሁ።

አራት ነበርን። እኔ፣ ጋሼ፣ የመሥሪያ ቤቱ ጋራዥ መካኒክ፣ እና ከስምሪት ክፍል አንድ ጓደኛዬ። መካኒኩ አፈኛ ነው፤ ጋሼን በሌሉበት "ሼባው" ይላቸዋል፣ ፊታቸው ግን ቀና ብሎ አያያቸውም። ጓደኛዬ ከሁላችንም ወጣትና ፈጣን ነበር። ከእናቱ ጋር ከካዛንቺስ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ይኖራል። ታላቅ ወንድሙ የጦር ሠራዊት ሾፌር ሆኖ ወደ ሰሜን ሄዶ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗል፤ ደብዳቤው የተቋረጠው ግን ከዚያም በፊት ነው። ከሰፈሩ ከዘመቱት የተመለሱ አሉ። ስለ እሱ ግን አየሁት የሚልም፣ ቀበርኩት የሚልም አልተገኘም። ጓደኛዬ ስለዚህ ነገር አያወራም። አንድ ቀን ብቻ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ላባችንን ስንጠርግ፣ "እናቴ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀድማኝ ነው የምትነሳው" አለኝ። ያንን ማስታወስ ነበረብኝ።

ታኅሣሥ ነው፣ እሑድ። የመሥሪያ ቤቶች የሩጫ ውድድር ነበር፤ አሥር ኪሎ ሜትር፣ መነሻውም መድረሻውም ስታዲየም አጠገብ። ከየመሥሪያ ቤቱ አራት ሰው ይሰለፋል፤ ውጤት የሚያዘው አራተኛው ሰው ሲገባ ነው። አንድ ሰው ከጎደለ የሦስቱ ላብ ከንቱ ቀረ ማለት ነው። ዋንጫ የጠበቀ የለም። በቀደመው ዓመት መጨረሻ ወጥተን ሰኞ ዕለት ቢሮው ሁሉ ስለሳቀብን፣ የእኔ ምኞት ከመጨረሻ ሁለተኛ መውጣት ነበር። ለዚያም ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፌን ሰውቻለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኡራኤል አጥር ስር እንድንገናኝ ተቀጣጥረን ነበር። ሦስታችን ደረስን፤ ጓደኛዬ የለም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጭጋጉ ደግሞ የመንገዱን መብራት ክብ ብርሃን ብቻ አስቀርቶ ምሰሶውን ውጦታል። ስልክ ቤታቸው የለም፤ ሞባይል ያኔ የባለጸጋ ነው። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን።

"ኧረ በቃ ሄደን እንቀስቅሰው" አለ መካኒኩ። "ይሄ ሰውዬ እኮ ተኝቷል፤ ማለቴ፣ እኛ እዚህ በረዶ ሆነን እሱ ብርድ ልብሱን ተከናንቧል።"

ሦስታችንም ነጠላችንን እስከ አፍንጫችን ስበን ቁልቁለቱን ወረድን። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ጋሼ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። አንዳችንም አልተናገርንም፤ በዚያ ብርድ አፍ የሚከፍት የለም። የቆርቆሮ በራቸው ጋ ስንደርስ ጋሼ፣ "ቀስ ብለህ አንኳኳ፤ ሰፈሩን እንዳትቀሰቅስ" አሉኝ። በሁለት ጣቴ ነካ ነካ አደረግኩት። መልስ የለም። ትንሽ ቆየሁና ደገምኩ።

ከጀርባዬ ሰው ያለ መሰለኝና ዞር አልኩ። ሰዎች ቆመዋል። ከፊት ለፊት ቤት አንዲት ሴት፣ ከአጠገባቸው ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ ከወደ ታች ደግሞ በጭጋጉ ውስጥ የሚጠጉ ሦስት አራት ነጫጭ ልብሶች። ሲመጡ ኮቴያቸውን አልሰማንም። ደህና አደራችሁ ያለን የለም፤ ምን ፈለጋችሁ ያለንም የለም። ዝም ብለው ያዩናል። የሴትየዋ ነጠላ ተዘቅዝቋል፤ ጥለቱ ወደ አንገታቸው ዞሯል። ልቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ነው እንደዚያ የሚለብሰው። ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሞቶባቸዋል ማለት ነው ብዬ አዘንኩ። ነፍስ ይማር ልላቸው አሰብኩና፣ ማን እንደሞተ ሳላውቅ ምን እላለሁ ብዬ ተውኩት። እንዲህ ያለ ቂል ነበርኩ።

በሩ ተከፈተ። የከፈቱት እናቱ ናቸው። እኔን አላዩኝም፤ ያዩት ጋሼን ነው። ጋሼም ነጠላቸውን ከራሳቸው ገፈፍ አድርገው የሱፍ ቆባቸውን አወለቁ፤ አንገታቸውን ደፉ።

ይህንን ሳላስረዳ ማለፍ አልችልም። ጋሼ ላንቻ፣ በሚኖሩበት ሰፈር፣ ከሃያ ዓመት በላይ የእድር ዳኛ ነበሩ። መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ እህል ሳይቀምስ። ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ለብሰው ቀስ ብለው ያንኳኳሉ፤ ጎረቤት ከውጭ ቆሞ ይጠብቃል፤ ቤተሰቡ መርዶውን ሳይረዳ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ጋሼ ይህንን ስንት ጊዜ እንዳደረጉት ራሳቸውም አያውቁትም። ያን ዕለት ማለዳ፣ በዚያ ብርድ፣ አንዲት እናት በር ከፍተው ፊታቸው ሲቆሙ፣ እጃቸው ሳያዙት ወደ ቆባቸው ሄደ። በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ "በሩ ሲከፈት እኔም መርዶ ይዤ የመጣሁ መሰለኝ። የሟቹን ስም እያሰብኩ ነበር።"

"ግቡ" አሉ እናቱ። ግቡ ሲባል እንቢ አይባልም፤ ገባን። አጎዛውን ጠቅልለው ጥግ አስያዙት። ወንበሮቹን ለእኛ አስጠጉ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አሉና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው፣ "በሉ" አሉ።

የገባኝ ያኔ ነው። ግን ገብቶኝም ዝም አልኩ፤ ሽማግሌ ተቀምጦ እኔ ቀድሜ አልናገርም፣ ጋሼ ይናገሩ ብዬ። ጋሼ ደግሞ ቆባቸውን በእጃቸው እያሻሹ ወለሉን ያያሉ። ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር፤ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። ይቅር ይበለኝ፣ ያን ጊዜ ያየሁት ሰዓቱን ነው። አሥራ ሁለት ከሩብ። ውድድሩ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ አሁኑኑ ከተነሳን እንደርሳለን ብዬ አሰብኩ። ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ዝምታውን የሰበረው መካኒኩ ነው። ነጠላውን በሁለት እጁ በርግዶ ደረቱ ላይ የተሰፋውን ቁጥር እያሳየ፣ "እማማ፣ ሩጫ ነው! ለሩጫ ነው የመጣነው!" ብሎ ጮኸ። ውጭ የቆሙት የሰሙት ጩኸቱን ብቻ ነበር። ሴትየዋ እሪታቸውን አቀለጡት። በሩ ተበረገደ፤ ቤቱ በአንድ አፍታ ሞላ። ጓደኛዬ ከጓዳ በውስጥ ሱሪው ወጣ፤ ጋሼን ቆባቸውን እንደያዙ ሲያያቸው ምንም ሳይጠይቅ ራሱን ከግድግዳ ጋር አላተመ። አራት ሰው ያዘው። "ሩጫ ነው! ሩጫ!" እያልን ሁላችንም እንጮሃለን፤ የሚሰማን የለም። ነገሩ እስኪበርድ ድረስ የእድሩ ድንኳን ቁልቁለቱን ግማሽ ወርዶ ነበር። ተሸካሚዎቹን መልሱት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ከመካከላቸው አንዱ፣ "ሰው ይቀልዳል፣ እንዲህ ግን አይቀለድም" ብሎ እግሬ ስር ተፋ።

በዚያ ሁሉ ግርግር ያላለቀሱት እናቱ ብቻ ናቸው። ከተቀመጡበት አልተነሱም። የእኔን ፊት፣ የጋሼን ፊት፣ የመካኒኩን ፊት ተራ በተራ አዩ። ከዚያ "እሺ። ሩጫ ነው" አሉ። ተመስገን፣ ገባቸው ብዬ ወጣሁ። ውድድሩ አመለጠን፤ ሰኞ ቢሮው ከአምናው የባሰ ሳቀ።

አልገባቸውም ነበር። ወይም በራሳቸው መንገድ ገብቷቸው ነበር። በሳምንቱ ብቻዬን ስወርድ ኡራኤል አጥር ስር ቆመው አገኘኋቸው። እግዚአብሔር ይመስገን ተባባልን። ከዚያ ክንዴን ያዙና፣ "ልጄ፣ የእነሱን ፊት ማንበብ አልቻልኩም። አንተ ግን መዋሸት አትችልም። ይዛችሁት የመጣችሁትን ንገረኝ" አሉኝ።

"እማማ፣ እውነቴን ነው፤ ለሩጫ ነው የመጣነው።"

"ለሩጫ የመጣ ሰው መሬት ስቀመጥ ዝም ብሎ አያየኝም" አሉ። "ልትነግሩኝ መጥታችሁ አሳዘንኳችሁ። ወኔ ከዳችሁ። አልፈርድባችሁም።"

ምን ይባላል? የውድድሩን ወረቀት አምጥቼ አሳየኋቸው፤ ቀኑንና ሰዓቱን አነበብኩላቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና፣ "ወረቀት ማን ይቸግረዋል" አሉ። ጋሼ ራሳቸው ሄደው በመስቀሉ ማሉላቸው። የጋሼ መሐላ ጭራሽ አባሰው፤ ለተራ ነገር ሽማግሌ በመስቀል አይምልም አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ይሰቀጥጠኛል። ጓደኛዬ እንደነገረኝ እናቱ ቤቱን ለልቅሶ ሲያሰናዱ የግድግዳውን ሥዕል አውርደው አጣጠፉት። የንፍሮ ስንዴና ባቄላ አበጥረው በሁለት ማዳበሪያ አስቀመጡ። በየማለዳው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስተው የቆርቆሮውን በር ወለል አድርገው ከፍተው ይቆማሉ። መርዶ ነጋሪ መጥቶ በሩ ተዘግቶ እንዳይመለስ ነው። ጓደኛዬ ሩጫውን አቆመ። መንገድ ቀየርኩ፤ በኡራኤል መውረዱን ትቼ በላንቻ በኩል ዞርኩ። ሁለት ሳምንት ሰላም አገኘሁ። አንድ ቀን ጭጋጉ ውስጥ ስሮጥ ከፊቴ የቆመ ነጭ ነገር አየሁ፤ ሰው ነው ስል፣ ሴት ናት ስል፣ እሳቸው ሆኑ። ከቤታቸው እዚያ ድረስ ለእግረኛ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። በየት እንደማልፍ ማን እንደነገራቸው እስካሁን አላውቅም። ምንም አልጠየቁኝም፤ ፊቴን ብቻ አይተው ዞረው ሄዱ።

የካቲት ላይ፣ ያን ማለዳ ከኋላችን ቆመው የነበሩት ባለ ጋቢ ሽማግሌ ሞቱ። በሰማንያ ዓመታቸው፣ በአልጋቸው ላይ ነው፤ ለሰፈሩ ግን ነገሩ ግልጽ ነበር። እግረ ደረቅ ተባልኩ። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሳልፍ በር ሲቀረቀር እሰማለሁ። ሌባ መባሉ ይሻለኝ ነበር፤ ሌባ ቢያንስ ይባረራል። እኔን ግን የሚያባርረኝ የለም፤ ባለፍኩበት ሁሉ ዝም ይባላል። መናደዴን አልደብቅም። አንዳንድ ቀን፣ ልጅዎ ሞቷል ብዬ እማማን ልገላግላቸው እስከማለት ደርሻለሁ። ማን ያውቃል፣ ውሸትም ላይሆን ይችላል እላለሁ። ይህንን ሳስብ ራሴን እፈራለሁ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጓደኛዬ ሳያንኳኳ መዝገብ ቤት ገባና ፋይሎቹ መሀል መሬት ላይ ተቀመጠ። ከወንድሙ ጋር አንድ መኪና ላይ የነበረ ረዳት፣ ሲታከም ቆይቶ፣ አድራሻ አፈላልጎ መጥቶ ነግሮታል። መኪናው ተመቶ ነበር። ወንድሙ የሞተው እኛ በራቸውን ካንኳኳንበት ማለዳ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

"ለእማማስ?" አልኩት።

"እድሩ ፍልሰታ ይፈታ አለ። ጾሙ በር ላይ ነው፣ ሰውነቷ አልቋል፤ አትችለውም አሉኝ። በቃ፣ እስከዚያ አብሬያት እየበላሁ ፊቴን መያዝ ነው።"

ልማዱ ልክ ነው። በጾም የደከመ ሰው ላይ መርዶ አይጫንም፤ ቀኑን የሚወስኑት ሽማግሌዎች ናቸው፤ መንገድ ላይ ማንም ብድግ ብሎ አይናገርም። ይህንን ሁሉ አውቃለሁ። ግን በነሐሴ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጎህ ሲቀድ ካፊያ ሲሆን፣ እናቱ ኡራኤል አጥር ስር ጠበቁኝ። ከቅዳሴ ቀድመው ነው የመጡት። ፊታቸው ከስቶ ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል።

"ልጄ፣ ደከመኝ" አሉ። "ብቻ ንገረኝ፤ አልጮህም።"

ለመጀመሪያ ጊዜ የምነግራቸው ነገር ነበረኝ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። "ምንም የለም፣ እማማ" አልኩ። "እመብርሃንን፣ የማውቀው ነገር የለም።"

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ስምንት ወር ሙሉ እውነቱን ስነግራቸው ያላገኙትን ነገር ያን ቀን ፊቴ ላይ ምን እንዳገኙ አላውቅም። ትከሻቸው ዝቅ አለ። ጉንጬን ሳሙኝ። "እንግዲያስ ይሁን" አሉ፤ "አስቸገርኩህ። ሁለተኛ አልጠይቅህም።" ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሲሄዱ አረማመዳቸው ቀሎ ነበር። እኔ ያን ቀን ሳልሮጥ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በማግስቱ ማለዳ የቆርቆሮው በር አልተከፈተም። በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ፣ "ምን ብለሃት ነው?" አለኝ። "ምን ሆኑ?" አልኩት። "የወንድሜን ብርድ ልብስ አጠበች። ስንዴውን ለጎረቤት ሰጠች። ሲመጣ አልጋው ንጹሕ ሆኖ ይጠብቀው አለች።" አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍልሰታ ተፈታ። ሽማግሌዎቹ ቀን ቆረጡ። ጋሼ ከእነሱ ጋር እንዲሄዱ ቢለመኑ፣ "እኔ ያንን በር ሁለተኛ አላንኳኳም" ብለው እንቢ አሉ። እኔን የጠራኝ ጓደኛዬ ነው። "የምታምነው አንተን ነው" አለኝ። ልሸሽ አሰብኩ፤ ላንቻም ቢሆን፣ ሌላ ከተማም ቢሆን። ከዚያ ግን ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ።

አራት ሽማግሌዎችና እኔ ነበርን። ጎረቤቱ ቀድሞ ተነግሮት ከኋላችን በጭቃው ውስጥ ቆሟል። አንዱ ሽማግሌ ቀስ ብለው አንኳኩ። ጓደኛዬ ውስጥ ዓይኑን ገልጦ እንደተኛ አውቃለሁ። እናቱ ከፈቱ። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩና ዓይናቸው እኔ ላይ ሲደርስ ፊታቸው በራ።

"አንተ ነህ እንዴ!" አሉ። "አስደነገጣችሁኝ እኮ። እሱ ገና ተኝቷል፤ ቆይ ልቀስቅሰው።"

አልሄዱም። በሩን እንደያዙ ቆሙ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። እሳቸው ከእኔ በቀር ማንንም አያዩም።

"ለሩጫ ነው የመጣችሁት፣ አይደል?" አሉኝ። "በለኝ እንጂ ልጄ። ለሩጫ ነው በለኝ።"

"አይደለም፣ እማማ" አልኳቸው።

አመኑኝ።